ለሁለቱም የሚሆን ብረት

እናታችን እንደምትለው ከሆነ ወንድሜ ሲሮ ግራ የተጋባው ገና ሳይወለድ ነው። መጀመሪያ በእግሩ መጣ፣ ቀጥሎ ዞረ፣ ደግሞ ሐሳቡን ቀይሮ ተመለሰ። አዋላጇ መጠበቁ ሲሰለቻት ተቀምጣ ሁለት ሳህን ሾርባ ጠጣች። ሾርባውን ያቀረብኩት እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሲሮ አንድ ነገር መወሰን ሲያቅተው ዞሮ የሚያየው እኔን ነው። ድርቆሹ ዛሬ ይታጨድ ወይስ ነገ፣ አይቡ ይሸጥ ወይስ ይቆይ፣ ለቀብር የሚለበሰው ጥቁሩ ኮት ነው ወይስ ግራጫው። አፉን አይከፍትም፤ አንገቱን ብቻ ያዞራል። እኔም «ነገ» እላለሁ፣ «ይቆይ» እላለሁ፣ «ጥቁሩ» እላለሁ። እንዲህ እያልን ሃምሳ ዓመት አለፈን።

ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም። ሲሮ ሰነፍም ሞኝም አይደለም። እጁ የነካው ሥራ ያምራል፤ ያጠረው አጥር አይዘምም፣ የሠራው አይብ አይሰነጠቅም። ክፉ ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ ለነገሩ ክፉውን ከደጉ እስኪመርጥ ጠቡ ያልቃል።

አንዲት ላም አለችን። ጥጃ ሳለች ባሮና ትባል ወይስ ሊንዳ ብሎ ሲያስብ ሲያስብ አደገች። እኔ ያን ሰሞን ታምሜ ሆስፒታል ነበርኩና የሚዞርበት ሰው አልነበረውም። ስመለስ «ባሮና ሊንዳ» እያለ ይጠራታል። በመኸር የላሞች የቀንድ ግጥሚያ ላይ ወስዷት ለፋፊው በድምፅ ማጉያው «ባሮና ናት ወይስ ሊንዳ?» ብሎ ሲጠይቀው ሲሮ «አዎ» አለ። በምንኖርበት በኮኝ ሸለቆ ያን ቀን ያልሳቀ ሰው አልነበረም። ላሚቱም ለመደችው መሰለኝ፣ እስከ ዛሬ ሁለቱንም ስሟን ካልጠሯት ከቦታዋ አትነቃነቅም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ኦዴት ፔሮን ወደደ። እሷ ወደደችው ቢባል ይሻላል። ኦዴት የተራራ መሪ ናት። ሰዎችን በገመድ አስራ በክረምት በረዶ ሆኖ የረጋ ፏፏቴ ላይ፣ በበጋ ደግሞ ግራን ፓራዲዞ ተራራ ላይ ታወጣለች። ከእኛ ቤት በላይ ካለው መንደር ነው የምትኖረው፣ ከሽማግሌው አባቷ ጋር። በፊት ከእኛ ወተት ስትገዛ ለሳምንት የሚበቃትን ነበር የምትወስደው። ኋላ ላይ በየቀኑ ግማሽ ሊትር መግዛት ጀመረች። ነገሩ እኔ ወዲያው ገባኝ። ሲሮ ግን «ዕቃዋ ትንሽ ነው መሰለኝ» አለኝ።

አንድ ቀን በረት ውስጥ ላም እያለበ ሳለ መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ሲሮ፣ አንተ እስክትጠይቀኝ ብጠብቅ ሁለታችንም አርጅተን እንሞታለን። ታገባኛለህ?»

ሲሮ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ በር ላይ ባልዲ ይዤ ቆሜያለሁ።

«እሺ በላት እንጂ» አልኩት፣ «እሺ ይበልጣል ከሺ።»

«እሺ» አላት።

ባልዲዬን ይዤ ወጣሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሆዴም ባብቶ ነበር። የፔሮን ልጅ የሚያገባ ወንድ የፔሮ ቤት ነው የሚገባው፤ ያ ማለት እኔ በዚህ ሁሉ ግንብ ውስጥ ከላሞቹ ጋር ብቻዬን ልቀር ነው።

የፔሮ ቤት ሌላም ደንብ አለው። እሱን የነገረን ባርባ ኤመሪክ ነው፣ የኦዴት አባት። እኛ ዘንድ ሽማግሌውን ሁሉ ባርባ ነው የምንለው። እራት ጠርቶን ፖሌንታው፣ የበቆሎ ገንፎው፣ ገና ሳይቆረስ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳ።

«ሰርጉ ድርቆሽ ከገባ በኋላ ነው» አለ። «ከዚያ በፊት ሲሮ ሁለት ጊዜ ከልጄ ገመድ ጋር ይታሰራል። በዚህ ክረምት ፏፏቴው ላይ፣ በበጋው ተራራው ላይ። ሚስቴም እንደዚሁ አድርጋ ነው የገባችው። ከፍ ማለት ዝቅ ማለት የእግዜር ነው፤ መታሰሩን ነው የምፈልገው።»

«እሺ፣ ባርባ» አለ ሲሮ። ሲሮ ከፍታ ይፈራል። የድርቆሹ ሰገነት ላይ እንኳ ሲወጣ መሰላሉን እኔ ነኝ የምይዝለት።

«ብረቱ ደግሞ የራሱ ይሁን» አለ ባርባ ኤመሪክ። ብረት የሚለው ክራምፖኑን ነው፣ በረዶ ላይ ለመቆም ከጫማ ሥር የሚታሰረውን ባለ ጥርስ ብረት። «የሰው ብረት አይውሰድ። የሚመርጠውም ራሱ ነው። አንድ ጥንድ፣ ለፏፏቴውም ለተራራውም የሚሆን።»

«ለምን አንድ ጥንድ?» አልኩ እኔ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ይባላል እኮ።»

«ባላው ላይ ቤት ይሠራበት። ሁለት ጥንድ ብረት ያለው ሰው ጠዋት ተነስቶ የቱን ልሰር እያለ ሲያስብ ፀሐይ ወጥታ በረዶው ይቀልጣል። ገመዳችን ላይ እንዲህ ያለ ሰው አንፈልግም። የታላቋን ልጄን ጠያቂ ለምን እንደመለስኩት ታውቂያለሽ? የአጎቱን ልጅ ብረት ተውሶ መጣ።»

«እሱማ አሁን ቆላ ወርዶ ባለ ፋርማሲ አግብቷል» አለች ኦዴት እየሳቀች።

«ይመቸው» አለ ባርባ ኤመሪክ፣ ፖሌንታውንም ቆረሰ።

በማግስቱ ኮኝ ከተማ ወረድን። የተራራ ዕቃ የሚሸጠው ፊዮሬንዞ የሲሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። ገና ከበር ስንገባ የሲሮን እግር አይቶ አንገቱን ነቀነቀ።

«ብረት ልገዛ ነው የመጣሁት» አለው ሲሮ።

«ጫማህስ?»

«ይኸው አድርጌዋለሁ።»

«ይሄ የበረት ቦት ጫማ ነው፣ ወንድሜ። እዚህ ላይ ብረት ብታስር ላሟ ራሷ ትስቅብሃለች።»

ስለዚህ መጀመሪያ ጫማ ተገዛ፤ የማይተጣጠፍ ድርቅ ያለ ጫማ፣ ብረቱ እንዲነክሰው ከፊትም ከኋላም ከንፈር ያለው። ከዚያ ፊዮሬንዞ ብረቶቹን ባንኮኒው ላይ ደረደራቸው።

«ይሄ የተራራ ነው። አሥራ ሁለት ጥርስ አለው፤ የፊቶቹ ሁለቱ ጠፍጣፋ ናቸው፣ እንደ አካፋ። ለስላሳ በረዶ ላይ ስትረግጥ ይሸከምሃል።»

«ፏፏቴ ላይስ?»

«ይገባል፣ ግን እየለመንከው ነው የሚገባልህ። ጠጣር በረዶ ጠፍጣፋ ነገር አይወድም፤ ይሰነጠቅና ጥሎህ ይሄዳል። ይሄኛው ደግሞ የፏፏቴ ነው። የፊት ጥርሶቹ በጠርዛቸው የቆሙ ናቸው፣ እንደ ቢላ። አንዴ ከመታኸው ነክሶ ይይዛል።»

«ተራራ ላይስ?»

«ለስላሳውን በረዶ ሰንጥቆ ይወርዳል እንጂ አይሸከምህም። ክብደትም አለው፤ ቀኑን ሙሉ ሲጎተት እግር ያዝላል።»

«ይሄ ቀላሉስ?» አለ ሲሮ፣ አንዱን አንስቶ በመዳፉ እየመዘነ።

«አሉሚንየም ነው። በረዶ ብቻ እረግጣለሁ ካልክ ሸጋ ነው። ድንጋይ ከነካ አለቀለት፤ ፏፏቴውንማ ከሩቅም አታሳየው።»

«እና ለሁለቱም የሚሆነው የቱ ነው?»

ፊዮሬንዞ ራሱን አከከ። «ለሁለቱም የሚሆን አለ። ለሁለቱም እኩል የሚሆን ግን የለም፤ አንዱን ስታስደስት ሌላውን ታስቀይማለህ።» ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ሌላ አወረደ። «ይሄን እይ። ጠንካራ ብረት ነው፣ አሥራ ሁለት ጥርስ። ከሥሩ ይሄ ላስቲክ አለው፣ በረዶ እንዳይጠቀጠቅበት። የፊቶቹ ሁለቱ የቆሙ ናቸው፣ ግን በብሎን ነው የታሰሩት፤ ይፈታሉ። ጠፍጣፋዎቹ ለብቻቸው ይሸጣሉ። ለክረምት እነዚህን፣ ለበጋ እነዚያን ትገጥማለህ።»

ሲሮ ዞሮ እኔን አየኝ።

«ይሄ ነዋ» አልኩ። ሃምሳ ዓመት የለመደ አፍ ነው፤ ባርባ ኤመሪክ ያለውን ከማስታወሴ በፊት ወጣ።

እንደ ወትሮው ቢሆን ኖሮ ከፍሎ እንወጣ ነበር። ሲሮ ግን ብረቱን ገልብጦ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው፣ ጠፍጣፋውን አነሳ፣ እሱንም አስቀመጠው። «አላውቅም» አለ። በዕድሜው እኔ ተናግሬ እሱ «አላውቅም» ሲል የመጀመሪያው ነው። ፊዮሬንዞ ሰው ሲያዝን አይወድምና ከአሉሚንየሙ በቀር ሦስቱን ጥንድ በከረጢት ጠቅልሎ «ቤት ወስደህ አስብበት» አለው።

ያ ነው ያጠፋን። ብረቶቹ የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ፣ እኔም ሾርባዬን በጥርስ መሀል መጠጣት ጀመርኩ። ሲሮ ጠዋት ላሞቹ ከመታለባቸው በፊት አንዱን ያነሳል፣ ከታለበ በኋላ ሌላውን። በጫማው ላይ ያስረዋል፣ ይፈታዋል። አንድ ቀን በግራ እግሩ አንዱን በቀኙ ሌላውን አስሮ ወጥ ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ ደረስኩበት፤ የእንጨት ወለሌ እስከ ዛሬ ቀዳዳ ነው።

ምክር መጠየቅም ጀመረ። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይላሉ፤ የሲሮን ግን አህያዋም እምቢ ትላለች። መጀመሪያ ቄሳችን ጋ ሄደ። አባ ፌሊቼ በወጣትነታቸው ፏፏቴ ይወጡ ነበር፤ ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ይዞ አስቀራቸው።

«የቆመውን ነው፣ ልጄ» አሉት። «ተራራ ላይ ብትሳሳት በቂጥህ ተንሸራትተህ ትነሳለህ። ፏፏቴ ላይ ግን ሁለተኛ ዕድል የለም።»

ይህ ደህና ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን አማቱ የሚሆነውን ባርባ ኤመሪክን መንገድ ላይ አገኘውና እሱንም ጠየቀው። ሽማግሌው በትሩን በረዶው ውስጥ ተከለ።

«መምረጥ ያንተ ነው ብያለሁ። ብትጠይቀኝ ግን ጠፍጣፋ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ በጠፍጣፋ ነው ፏፏቴ የወጣሁት።»

«አባ ፌሊቼ ግን የቆመውን አሉ።»

«ለቄስ የፈለገው ይሁንለት፤ ቢወድቅ ገነት ነው የሚገባው።»

ሲሮ ቤት ሲመጣ መላ ቅጡ ጠፍቶት ነበር። ዳቦውን ወተት ውስጥ ነከረና ረሳው። «ኤልዳ» አለኝ፣ «ሁለቱም ትክክል ናቸው።»

«ሁለቱም ትክክል ከሆኑ አንዱን ያዝና ተኛ።»

«ሁለቱም ትክክል ከሆኑማ ያልያዝኩት ነው የሚያንገበግበኝ።»

በመጨረሻ ኦዴትን ራሷን ጠየቃት። ለግማሽ ሊትሯ መጥታ ነበር። ብረቶቹን አየቻቸው፣ እሱን አየችው፣ ሳቋ ከፊቷ ጠፋ።

«እኔን አትጠይቀኝ፣ ሲሮ። እኔ የሰው ብረት የምመርጠው ለደንበኛ ነው። ደንበኛ ከሆንክ ንገረኝና ሒሳብህን ልንገርህ።»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው እግሩ ያንተ ነው።» ወተቷን አንስታ በር ላይ ደርሳ ዞር አለች። «ፏፏቴው አሁን ጥሩ ነው። ሙቀት ከመጣ ዘንድሮ አለቀ። ዘንድሮ ካለቀ ደግሞ አባቴን ታውቀዋለህ።»

ከሄደች በኋላ ሲሮ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። እኔም ትዕግስቴ አለቀ። «ወይ ምረጥ፣ ወይ ሄደህ ፈርቻለሁ በላት፣ ወይ እነዚህን ብረቶች ለቀም ለቀም አድርገህ ወንዝ ውስጥ ጣልልኝ» አልኩት። ጠዋት ስነሳ ጠረጴዛዬ ባዶ ነው። ሁለቱን ጥንድ ለፊዮሬንዞ መልሶ አንዱን ገዝቶ መጣ። የገዛው በብሎን የሚፈታውን ነው፣ እኔ ያልኩትን።

«ጠፍጣፋዎቹን ጥርሶችስ ገዛህ?» አልኩት።

«ቤት መዶሻ እያለ ብረት ይገዛል እንዴ?» አለና ወደ በረት ሄደ።

ያኔ ልጠረጥር ይገባኝ ነበር ብል ውሸት ነው፤ ለምን ብዬ እጠረጥራለሁ? በእኛ ቤት በመዶሻ የሚሠራ ነገር አይገዛም። አባታችንም የበሩን ማጠፊያ ከአሮጌ ማረሻ ነው የሠራው። በበጋ ድርቆሽ የሚያጭድ ሰው ሁሉ ረጅም ማጭዱን መስፍ ላይ አስተኝቶ ስለቱን በመዶሻ እየቀጠቀጠ ያሳሳል፤ የእኛ በጋ በሆነው በሐምሌና በነሐሴ ሸለቆው በዚያ ድምፅ ነው የሚነቃው። እንግዲህ ያን ቀን ከሰዓት፣ መሬቱ ሁሉ በረዶ ለብሶ፣ ከበረታችን ያ የበጋ ድምፅ መጣ። ጢን፣ ጢን፣ ጢን። ቆሜ አዳመጥኩ። ይሄ ሰው ግራ ከመጋባቱ የተነሳ ወሩም ጠፋበት አልኩ በልቤ፣ ወጡንም ማማሰል ቀጠልኩ።

ፏፏቴው ከቤታችን ጀርባ ነው። በክረምት ጸጥ ይልና ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ሆኖ ይቆማል። በቀጠሮው ቀን ኦዴት ቀድማ ወጥታ ገመዱን ከላይ ካለው ጥድ ላይ አዙራ ወረደች፤ አንዱ ጫፍ ሲሮ ወገብ ላይ ታሰረ፣ ሌላው እሷ ወገብ ላይ። ስለዚህ ቢስት እንኳ ይንጠለጠላል እንጂ አይወድቅም። ይህን እኔ ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ባርባ ኤመሪክ መንገዱ ዳር በትሩን ተደግፎ ቆሟል። እኔ ብርድ ልብስና ትኩስ ወይን በፔርሙስ ይዣለሁ።

ሲሮ ሁለቱን የበረዶ መጥረቢያዎች ይዞ ፏፏቴው ሥር ቆመ። ፊቱ አይብ መስሎ ነበር።

«ፈራህ?» አለችው ኦዴት ቀስ ብላ።

«አዎ።»

«ጥሩ። የማይፈራ ሰው አላስርም። በጣትህ ጫፍ ምታው፣ ተረከዝህን ዝቅ አድርግ። በል።»

የመጀመሪያውን መታ፣ ያዘለት። ሁለተኛውን መታ፣ ያዘለት። የሰው ቁመት ያህል ወጣ፣ ከዚያ ሌላ የሰው ቁመት። እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ ያ መሰላል የሚፈራ ወንድሜ እየወጣ ነበር። እኔ ብርድ ልብሱን ጨምድጄ ይዤዋለሁ። ባርባ ኤመሪክ «እህ» አለ፤ ከእሱ አፍ ይህ ምርቃት ነው። ከዚያ ሲሮ ቀኝ እግሩን አንስቶ መታ፣ ክብደቱንም ጣለበት፣ ያኔ ከዳው። እንደገና መታ፣ እንደገና ከዳው። ግራውንም ሞከረ። እግሮቹ በረዶው ላይ እንደሚታጠብ ልብስ ተፈተጉ፣ እጁም ዛለ፣ ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ። ኦዴት ቀስ አድርጋ አወረደችው።

በረዶው ላይ አስቀመጠችው፣ ተንበርክካም እግሩን ጉልበቷ ላይ አደረገች። የፊት ጥርሶቹ እንደ ማንኪያ ተቆልምመው ነበር። በጣቷ ነካቻቸው፣ ከዚያ ቀና አለች።

«ሲሮ፣ ይሄን ብረት ምን አደረግኸው?»

«ምድጃ ውስጥ አግዬ... ትንሽ ቀጠቀጥኩት።»

«ለምን?»

«የቆመ ነበር። ጠፍጠፍ እንዲል ብዬ። ሙሉ በሙሉ ሳይሆን፣ መሀል ላይ።» ወደ ጫማው አየ። «ለሁለቱም እንዲሆን።»

ሳቅ መጣብኝ፣ ልቅሶም መጣብኝ። ከሁለት ያጣ ጎመን አድርጎት ተቀመጠ። ማጭድ ሲቀጠቀጥ ይሳላል፤ ይሄን ብረት ግን እሳት ካሳዩት ጥንካሬው ይሞታል። ኦዴት አልሳቀችም። ጫማውን አገላብጣ ሌላውን ሁሉ አየች፣ አሥሩን ጥርስ፣ ላስቲኩን፣ ማሰሪያውን።

«ብረቱ ራሱ ግን ጥሩ ነው» አለች። «የፊቱ በብሎን ነው፣ ይቀየራል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ስህተትን የሚታገሠውን ነው የመረጥከው። እንዴት መረጥከው?»

ሲሮ መዋሸት አይችልም፤ ውሸትም ምርጫ ይፈልጋል። «ኤልዳ ናት የመረጠችው» አለ።

ባርባ ኤመሪክ በትሩን እየተከለ ከመንገዱ ወረደና አጠገባችን ቆመ።

«እንግዲያው ይሄ የሲሮ ብረት አይደለም» አለ። «የእህቱ ነው። የአጎት ልጅ ብረትና የእህት ብረት ለእኔ አንድ ነው። የሲሮ የሆነው መቀጥቀጡ ብቻ ነው።»

«አባዬ» አለች ኦዴት።

«ደንቡን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ እኔንም አስሮኝ ነው የኖረ።»

ለሽማግሌው የምመልሰው ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፣ የሚያቃጥል ነገር፤ ግን እውነቱን ነበርና ዋጥኩት። ሲሮ ተቀምጦ ነው። ዓይኑን ከበረዶው ሳያነሳ ለኦዴት መናገር ጀመረ።

«ግራ ገባኝ» አለ። «ቤት ውስጥ ሳስበው ሁሉም ልክ ነው። ከአንቺ ጋር ካልወጣሁ አጣሻለሁ እላለሁ። ደግሞ ብወጣ ሸክም እሆንብሻለሁ እንጂ ምን እረባሻለሁ እላለሁ። ወደ አንቺ ልምጣ ስል ኤልዳ ትታየኛለች፣ በረት ውስጥ ብቻዋን። ልቅር ስል ደግሞ ግማሽ ሊትሩ ይታየኛል። ምኑን እንደምይዝ፣ ምኑን እንደምጨብጥ ጠፋኝ።»

ኦዴት ቦርሳዋን ከፍታ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አወጣች። መሪ ሁልጊዜ ትርፍ ጥርስ ይይዛል። ሁለቱን የቆሙ ጥርሶች በረዶው ላይ አስቀመጠች፣ አጠገባቸውም ሁለቱን ጠፍጣፋ። የብሎን መፍቻውን መሀላቸው አደረገች።

«ለሁለቱም የሚሆነው ቀጥቅጠህ የምትሠራው አይደለም» አለችው። «ዛሬ ዛሬ ነው፣ በጋም በጋ ነው። የቆመውን ከገጠምክ አሁን እንደገና ትወጣለህ። ጠፍጣፋውን ከገጠምክ ወደ ቤት እንሄዳለን፣ ሰርግም የለም፤ ወተቴን ግን መግዛቴን አልተውም፣ አልቀየምህምም። ብቻ አንተ ግጠመው።»

«ይሄ ይቆጠራል፣ ባርባ?» አልኩ እኔ።

ሽማግሌው ጥርሶቹን አየ፣ ሲሮንም አየ። «ራሱ ከገጠመው ይቆጠራል» አለ።

ሲሮ የቆሙትን አነሳ። አስቀመጣቸው። ጠፍጣፋዎቹን አነሳ። ፏፏቴውን ወደ ላይ አየ፣ እስከ ጥዱ ድረስ። ከዚያ እንደማውቀው፣ ከተወለደ ጀምሮ እንደማውቀው፣ አንገቱን አዞረና እኔን አየኝ።

መልሱ አፌ ውስጥ ነበር። አንድ ቃል ነው። ብናገረው ወንድሜ ያደርገው ነበር፣ ብናገረው ግን ያ ሁሉ የእኔ ይሆን ነበር፤ ፏፏቴውም፣ ሚስትየዋም። ብርድ ልብሱን በረዶው ላይ አስቀመጥኩ። ፔርሙሱን ከላዩ አቆምኩት። ከዚያ ጀርባዬን ሰጠሁት።

ያን ቀን ከባዱን ነገር ያደረገ ማነው ብትሉኝ እሱ ነው እላለሁ፤ እኔም ግን ቀላል አልነበረብኝም። ከኋላዬ ለረጅም ጊዜ ምንም ድምፅ አልነበረም። አንድ ጊዜ «ኤልዳ» ያለኝ መሰለኝ፣ ምናልባትም አላለም። ጥርሴን ነክሼ ጣራችንን አየሁ፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ጭስ አየሁ። ከዚያ መፍቻው ብሎን ላይ ሲዞር ሰማሁ። አንዱ ተፈታ። ሌላውም ተፈታ። እንደገና ዞረ፣ ጠበቀ።

የቱን እንደገጠመ ዞሬ አላየሁም። ወደ ቤት መራመድ ጀመርኩ፤ ላሞቹ የሚታለቡበት ሰዓት ደርሶ ነበር። አጥሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ብረት ጠጣር በረዶ ውስጥ ሲገባ ሰማሁ። አንዴ። ቆየት አለና ደግሞ አንዴ። ኦዴት «ተረከዝህን ዝቅ» ስትል ሰማሁ። ሦስተኛውን ስሰማ አለቀስኩ፣ ማንም አላየኝምና አልጠረግኩትም።

በረት ውስጥ ሞቅ ይላል። ባልዲዬን ይዤ ገባሁ፣ ያቺ ላም ግን መተላለፊያው ላይ ተገትራ መንገድ ዘጋችብኝ። «እልፍ በይ፣ ባሮና» አልኳት። አልተነቃነቀችም። «ሊንዳ» አልኳት። ጆሮዋን ብቻ አወዛወዘች። ስንት ዓመት የሳቅኩበት ነገር ነው። ባልዲውን አስቀመጥኩና ከዛሬ ጀምሮ እንደምለምደው እያወቅኩ ሁለቱንም ስሟን ጠራኋት።